ግድቡ አልቆ የመብራት ሂሳብ ለምን በየሦስት ወሩ ይጨምራል? የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች እስቲ ኑ

ባለወፍጮ ከሰኞ ገበያ

ሰላም ጀመዓው፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ወፍጮ ቤት አለኝ። ጤፍ፣ ገብስ፣ ሽሮ፣ በርበሬ እንፈጫለን። ደንበኞቼ በየሳምንቱ የሚጠይቁኝ፣ እኔም በቅጡ መመለስ ያቃተኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ ዘርዘር አድርጋችሁ አስረዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2017 መስከረም ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው። እቅዱ የአራት ዓመት ነው። የኔ የወር ሂሳብ ያኔ ከነበረው እጥፍ ካለፈ ቆየ። የማስፈጫ ዋጋ በዚያው ልክ ልጨምር ብል አልችልም። ጎረቤቴ ያለው ወፍጮ ቤት ሳይጨምር እኔ ብጨምር ማንም አይመጣም። ሁላችንም ተስማምተን ብንጨምር ደግሞ አንድ ጣሳ ገብስ ይዛ ከኩታበር መንገድ በእግሯ የመጣች እናት ምን ልትሆን ነው? እሷ በየሦስት ወሩ የሚጨምር ገቢ የላትም።

ጭማሪውን እሺ እንበል። መብራቱስ? ሰኞ ቀን፣ ገበሬው ሁሉ እህሉን ጭኖ በሚገባበት በገበያው ቀን፣ ረፋድ ላይ ጥፍት ይላል። ወረፋው እስከ በር ይሰለፋል፣ እኛም ቁጭ። አንዳንዴ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ከሦስቱ የኃይል መስመሮች አንዱ፣ ፌዝ የሚሉት፣ ብቻውን ይጎድላል። ይሄኛው ይብሳል። ባለሞተር የሆነ ያውቀዋል፤ የሦስት ፌዝ ሞተር በሁለት ፌዝ ሲነዳ ያጓራል፣ ይግላል፣ ቶሎ ካልደረሱበት የውስጥ ሽቦው ይቃጠላል። የኔ ተቃጥሎ እንደ አዲስ አስጠምጥሜዋለሁ። ለሚመለከታቸው ደወልኩ፣ መጡ፣ ፊውዝ ቀየሩ፣ ሄዱ። ለተቃጠለው ሞተር ማን ይጠየቃል ስል መልስ የሚሰጠኝ ሰው አላገኘሁም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ታላቁ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ለዚህ ግድብ ቦንድ ያልገዛ፣ በ8100 ያልላከ፣ ከደሞዙ ያላዋጣ ቤት በኛ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። እኔም ገዝቻለሁ፣ ወድጄ ነው የገዛሁት፣ ዛሬም ስለሱ ሲወራ ደስ ይለኛል። ግን ገበያ ላይ ቲማቲም ሲበዛ ይረክሳል፤ ኤሌክትሪክ ሲበዛ ለምን ይወደዳል? ለኬንያ ይሸጣል ይባላል። ቢትኮይን ለሚባለው ነገር ይሸጣል ይባላል። ለነሱ የሚደርስ ሰኞ ገበያ ለምን አይደርስም? ሌሎች ደግሞ መንግሥት ይተወው፣ ለግል ይሰጥ፣ ያኔ ይስተካከላል ይላሉ። ይሄስ እውነት ነው?


ቶሳ ሥር

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፣ በምችለው ልሞክር። ከዋጋው ልጀምር፤ ምክንያቱም የዋጋው ታሪክ ከግድቡ ይልቅ ከብሩ ጋር የተያያዘ ነው።

የመብራት ታሪፍ በ1998 ከወጣ በኋላ እስከ 2011 ድረስ አልተነካም። ከአሥር ዓመት በላይ ማለት ነው። ለመኖሪያ ቤት የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት እያንዳንዱ 0.273 ብር ነበር። ያኔ አንድ ዶላር 8 ብር ከ70 ሳንቲም ገደማ ስለነበር ይሄ ወደ 3 የአሜሪካ ሳንቲም ይጠጋል። በ2011 የአራት ዓመት ማስተካከያ መጣ፣ በየዓመቱ እየጨመረ ሄደ። ዝቅተኛው እርከን ግን እዚያው 0.273 ላይ ቀረ። ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም ቤት 2.481 ብር ደረሰ። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው አልተጎዳም፣ ስለዚህም ብዙ አልተወራም።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ተለቀቀ። ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። ያ 0.273 ብር በዶላር ሲመነዘር ሩብ ሳንቲም ገደማ ሆነ። ተርባይን፣ ትራንስፎርመር፣ ገመድ፣ ቆጣሪ፣ ሌላው ቀርቶ መለዋወጫው ሁሉ የሚመጣው በዶላር ነው። ለብዙዎቹ የቀድሞ ግድቦችና መስመሮች የተወሰደው የውጭ ብድርም የሚከፈለው በዶላር ነው። የመስከረም 2017ቱ ታሪፍ ብሩ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ነው ሥራ ላይ የዋለው። ከዓለም ባንክና ከአይኤምኤፍ ጋር የተገባው ማሻሻያም የመንግሥት ድርጅቶች ወጪያቸውን ከገቢያቸው ይሸፍኑ የሚል ነው። ስለዚህ ጭማሪው የግድቡ ሳይሆን የብሩ ነው ብል ከእውነቱ ብዙ አልርቅም።

«ውሃው ነጻ ነው፣ ለምን እንከፍላለን» ለሚሉም አንድ ነገር ልበል። የውሃ ኃይል ነዳጅ አይገዛም፣ ይሄ እውነት ነው። ወጪው ያለው ግንባታው ላይ ነው። ለዓመታት ከንግድ ባንክ በቦንድ የተወሰደው ብድር ተከማችቶ የመብራት ድርጅቱ መክፈል ስላቃተው በ2013 መንግሥት የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን አቋቁሞ የመንግሥት ድርጅቶችን ዕዳ ወደዚያ አዛወረ። ዕዳው ከመዝገብ ወደ መዝገብ ሄደ እንጂ አልጠፋም። በታሪፍ ካልከፈልነው በግብር ወይም በዋጋ ንረት እንከፍለዋለን።

ይሄን ስል ግን ጭማሪው ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ዋጋ ወጪን መሸፈን አለበት የሚለው ሐሳብ ሁለተኛ ግማሽ አለው። ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ሰው ሙሉ አገልግሎት ማግኘት አለበት። እኛ ጋ የመጀመሪያው ግማሽ በየሦስት ወሩ በቀጠሮው ይመጣል፣ ለሁለተኛው ግን ቀጠሮ የያዘለት የለም። የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው።


የቦርከና ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ቶሳ ሥር ስለ ብር የተናገረውን አላነሳም፣ እኔ ስለ ሽቦ ላውራ።

ጋሼ፣ «ለኬንያ የሚደርስ ሰኞ ገበያ ለምን አይደርስም» ያሉት ነገር በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚያስበው «ስለሸጡብን» አይደለም።

በ2006 የድሮው ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፈለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨቱንና ከፍተኛ መስመሮቹን ያዘ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ማከፋፈሉን፣ ቆጣሪውን፣ ሂሳብ መሰብሰቡን ያዘ። ግድቡ የመጀመሪያው ድርጅት ነው። ከጉባ በ500 ኪሎ ቮልት ወደ ዴዴሳ፣ ከዚያ ሆለታ ይመጣል። ለኬንያ የሚሄደው ከወላይታ ሶዶ የሚነሳ ሌላ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ነው፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ከኅዳር 2015 ጀምሮ እየሠራ ነው። ቢትኮይን የሚያወጡት ኩባንያዎችም ትልልቆቹ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ሥር ኮንቴይነር ደርድረው ከዚያው ነው የሚቀበሉት። እነዚህ ሁሉ በጅምላ የሚገዙ ናቸው። በመሀል የሰፈር ምሰሶ የለም፣ የሰፈር ትራንስፎርመር የለም፣ ቆጣሪ አንባቢ የለም።

እርስዎ ጋ ለመድረስ ግን ከጣቢያው በኋላ 15 ኪሎ ቮልቱ መስመር አለ፣ አብዛኛው በእንጨት ምሰሶ ላይ ነው። ክረምት ላይ ከቶሳ ተራራ በኩል የሚመጣውን ነፋስና መብረቅ ደሴ ላደገ ሰው አልነግረውም። ዛፍ ይወድቃል፣ ሥሩ የበሰበሰ ምሰሶ ያጋድላል። ከዚያ የሰፈሩ ትራንስፎርመር አለ። ሲተከል ለምን ያህል ቤት ነበር የታሰበው? አሁን ስንት ቤት፣ ስንት ምጣድ፣ ስንት ብየዳ ቤት፣ ስንት ወፍጮ ይስባል? ጭነቱ ሲበዛ ፊውዙ ይበጠሳል። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ከተበጠሰ እርስዎ ያሉት የፌዝ መጉደል ይመጣል። ፊውዝ ቢቀየር ትራንስፎርመሩ እስካልተቀየረ ወይም ጭነቱ ለሌላ ትራንስፎርመር እስካልተካፈለ ድረስ ሰኞ መልሶ ይበጠሳል። ሰኞ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ የገበያ ቀን ወፍጮ ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል።

ስለዚህ 5,150 ሜጋ ዋት ጉባ ላይ መኖሩ ለሰኞ ገበያው ትራንስፎርመር የሚጨምርለት ነገር የለም። አገሪቱ ለማመንጨት ትልቅ ገንዘብ አውጥታለች፣ ጊቤ ሦስት ብቻ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ለማከፋፈል ያወጣችው ግን ለዚያ የሚመጥን አይደለም። ግድብ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል። ለበሰበሰ ምሰሶ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አላየሁም፤ ምሰሶ ሲቀየር በቴሌቪዥን አይታይም። ይሄ ነው ፖለቲካው። የትኛውም ፓርቲ ቢመጣ ይሄ ፈተና አለበት።

የኛ አካባቢ ደግሞ ተጨማሪ ቁስል አለው። የአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ባቡር ሐዲድ ታስታውሳላችሁ? እስከ ኮምቦልቻ ያለው ወደ 270 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ክፍል ግንባታው አልቆ ነበር። ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ግን አልቀረበለትም። ሐዲዱ፣ ዋሻው፣ ጣቢያው ተሠርቶ ኃይል እየጠበቀ ቆመ። ከዚያ በ2014 ጦርነቱ እኛ ጋ ደረሰ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴም ኮምቦልቻም የደረሰባቸውን ታውቃላችሁ። ሐዲዱም ፋብሪካውም ኢንዱስትሪ ፓርኩም ተዘረፈ። ባቡሩ በጊዜው ሥራ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ እያልኩ የማስብበት ቀን ብዙ ነው። እና አንድ ሰው «ኃይል አለን፣ ትርፍ አለን» ሲለኝ ያ የቆመ ሐዲድ ይመጣብኛል።

አንድ ምክር ደግሞ። ጋሼ፣ ፌዝ ሲጎድል ራሱ የሚቆርጥ ሪሌይ አለ፣ አንድ ሞተር ከማስጠምጠም በጣም ይረክሳል። ጥሩ ኤሌክትሪሽያን ያስገጥሙ። ይሄ የእርስዎ ግዴታ ሊሆን አይገባም ነበር፣ ግን ሞተርዎን ያድናል።


እናት ከሸዋ በር

እናንተ ስለ ፋብሪካና ስለ ኬንያ ስታወሩ እኔ ስለ ቤቴ ላውራ። ተከራይ ነኝ። ግቢው ውስጥ አራት ቤተሰብ አለን፣ ቆጣሪው አንድ ነው።

ትንሽ ለሚጠቀም ድጎማ አለው ይባላል፣ የመጀመሪያው 50 ርካሽ ነው ይባላል። ለማን? እስቲ ቁጭ ብለን እናስላ። ምጣድ ከ3 ተኩል እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ስጋግር፣ አንዴ ከጀመርኩ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። በወር ወደ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ምጣዱ ብቻ ወሰደ። አምፖልና ስልክ ሲጨመር ለብቻዬ ቆጣሪ ቢኖረኝ 50 አካባቢ ነበርኩ። ግን አራታችን በአንድ ቆጣሪ ስንደመር 200 እንነካለን። እርከኑ ቤተሰብ አይቆጥርም፣ ቆጣሪ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ድሃው በሀብታም እርከን ይከፍላል። በሌላ በኩል ብቻውን ቪላ ውስጥ የሚኖር፣ እንጀራ ገዝቶ የሚበላ ሰው ድጎማውን ያገኛል። ይሄን ያወጣው ሰው የደሴን የኪራይ ግቢ አያውቀውም።

አከራይዋም ክፉ ሴት አይደለችም። ለየብቻ ቆጣሪ ብናስገባ ብለን ጠይቀናታል፣ እሷም እሺ ብላለች። ያለ ካርታ አይሆንም፣ ተራ ጠብቁ፣ ቆጣሪ የለም፣ ሲባል ከረመ።

ሌላው ደግሞ ከሰል። የጎረቤቴ ልጅ ምጣድ ትታ ወደ ማገዶ ተመለሰች። የዚህን ዳገት ዛፍ ማን እንደጨረሰው ሁላችን እናውቃለን። መብራት ሲመጣ ዛፉ ይድናል ተብሎ ነበር። ጭስ ውስጥ ገብታ ዓይኗ ቀልቶ ስትወጣ ሳያት አንጀቴ ይቃጠላል። ታሪፍ የሚያወጣው ክፍል ይሄን ይቁጠር፣ የሆስፒታሉን ወጪም ይቁጠር።

ባለወፍጮ ወንድሜ፣ ያቺ ገብስ ይዛ የምትመጣ እናት ያልካት እኔም ነኝ። አታስቀይመን፣ አላህ ይስጥህ።


ጨርሰው ይሽጡት

ሁላችሁም ዙሪያ ጥምጥም ትላላችሁ። ችግሩ አንድ ነው፣ ተፎካካሪ የለውም። ቴሌን እዩት፣ ሳፋሪኮም ሲገባ ዳታ ረከሰ፣ ሰውም ይሰማ ጀመር። መብራትም እንደዚያው ሁለት ሦስት ኩባንያ ይግባና እንምረጥ። መንግሥት ነጋዴ መሆን የለበትም። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።


ቶሳ ሥር

ወንድም፣ ፉክክር ጥሩ ነው፣ ግን ቴሌና መብራት አይመሳሰሉም። ሁለተኛ የስልክ ኩባንያ የራሱን ማማ ይተክላል። ሁለተኛ የመብራት ኩባንያ በፒያሳ መንገድ ዳር ሌላ ምሰሶ፣ ሌላ ገመድ፣ ሌላ ትራንስፎርመር ይትከል? እንዲህ የሚያደርግ አገር ብዙም የለም። ስለዚህ በመብራት ፉክክር የሚቻለው ማመንጨት ላይ ነው፣ አንዳንድ አገር ደግሞ ሻጩ ላይ። ገመዱ አንድ ሆኖ ይቀራል። ጥያቄው ገመዱን የያዘውን ማን ይቆጣጠረዋል የሚለው ነው።

የአካባቢያችንን አገሮች እንይ። ዩጋንዳ በ1997 (በፈረንጅ 2005) ማከፋፈሉን ኡሜሜ ለሚባል የግል ኩባንያ ለ20 ዓመት ሰጠች። የሚባክነው ኃይል በጣም ቀነሰ፣ ደንበኛ ጨመረ፣ ሂሳብ መሰብሰብ ተስተካከለ። ይሄ መካድ የለበትም። ግን ሕዝቡ ስለ ዋጋው ለዓመታት አማረረ፣ ኩባንያው በውል የተረጋገጠለት ትርፍ ነበረው። ውሉ በመጋቢት 2017 አለቀ፣ መንግሥት አላደሰውም፣ መልሶ ለራሱ ድርጅት ሰጠው። 118 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፣ ኩባንያው ይጎድለኛል ብሎ ሙግት ውስጥ ገቡ።

ኬንያም ሌላ ትምህርት ናት። እዚያ ማመንጨቱን የግል ኩባንያዎች ገብተውበታል። አንዳንዶቹ ውሎች በዶላር የተጻፉ ናቸው፣ ኃይሉ ቢወሰድም ባይወሰድም ለተዘጋጀው አቅም ይከፈላል። ሽልንጉ ሲወድቅ የቤት ሂሳቡ ወጣ። በ2013 (በፈረንጅ 2021) መንግሥት ውሎቹን የሚመረምር ግብረ ኃይል እስከማቋቋም ደረሰ። ከኛ የምትገዛውን ኃይል በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም የተስማማችውም ከሌላው ስለሚረክስላት ነው።

እኛም ሞክረናል። በ2012 ለአፋሩ ዲቼቶና ለሶማሌው ጋድ የፀሐይ ማመንጫ ጨረታ ወጥቶ አክዋ ፓወር የሚባለው የሳዑዲ ኩባንያ በ2.526 የአሜሪካ ሳንቲም አሸነፈ። በአፍሪካ ከተሰሙት ዋጋዎች ሁሉ ዝቅ ያለ ነበር። 250 ሜጋ ዋት በአንድ ላይ። ግን አልተሠራም። ብር ሰብስበን ዶላር የምንከፍልበት ዋስትና ላይ ነገሩ ተንጠለጠለ። ዲቼቶ ደግሞ ከኮምቦልቻ በሚሌ መንገድ የሚወረድባት ናት። ቢሠራ ኖሮ ዝናብ ባጠረ ዓመት ይጠቅመን ነበር፤ ከምናመነጨው ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነውና።

ስለዚህ «ይሸጥ» ወይም «አይሸጥ» ሳይሆን ሦስተኛ ነገር ነው የጎደለን። አዋጅ ቁጥር 810/2006 ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አቋቁሟል፣ አሁን የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ታሪፉን መርምሮ ለመንግሥት ያቀርባል፣ የአገልግሎት ጥራትም በሱ ሥር ነው። እኔ ማየት የምፈልገው ይሄ መሥሪያ ቤት ጭማሪውን ከጥራት ጋር ሲያስረው ነው። ለምሳሌ ደሴ ውስጥ በዚህ መስመር በዚህ ወር ስንት ሰዓት ጠፋ የሚለው በይፋ ይለጠፍ። ከተወሰነ ሰዓት በላይ ከጠፋ የሚቀጥለው ጭማሪ በዚያ መስመር ላይ ይቆይ። የሕንዱ ፓወር ግሪድ በ2006 ማከፋፈሉን እንዲያስተዳድር ውል ተሰጥቶት ነበር፤ ባለሙያ መቅጠር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ከዚያም ማየት ይቻላል። ቀጣሪውን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።


የቦርከና ልጅ

ቶሳ ሥር ያለው «በየመስመሩ ይለጠፍ» የሚለው ነገር ይቻላል። ጣቢያ ላይ መስመር ሲቆረጥና ሲመለስ ሰዓቱ ይመዘገባል፣ ይሄ የሥራው ደንብ ነው። አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። የሰፈር ትራንስፎርመር መጥፋቱ ግን እዚያ አይታይም፣ እሱን ሰፈሩ ራሱ መመዝገብ አለበት።

ለ«ጨርሰው ይሽጡት» ደግሞ፣ ፋብሪካዎቻችን የቆሙት በመብራት ብቻ አይደለም። ጦርነቱ አለ፣ ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ የሚያስችለው አጎዋም በፈረንጆቹ 2022 መግቢያ ላይ ተቋርጧል። ሁሉንም በአንድ ነገር ላይ አንለጥፍ።


እናት ከሸዋ በር

ልጆቼ፣ ጥሩ ነው ያስረዳችሁት። ግን የጋራ ቆጣሪውን ነገር ማንም አልመለሰልኝም።


ቶሳ ሥር

እውነትዎን ነው እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለኪራይ ግቢ ቆጣሪ ሲፈቀድ ካርታ ሳይሆን የቀበሌ ማረጋገጫና የአከራይ ስምምነት ይብቃ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ቆጣሪ እስኪገኝ ድረስ አንድ ግቢ ውስጥ የተመዘገቡ ቤተሰቦች ቁጥር ታይቶ እርከኑ በነሱ ይባዛ። አራት ቤተሰብ ከሆኑ ርካሹ እርከን 200 ድረስ ይሂድ። ለማስላት ቀላል ነው፣ ፈቃዱ ነው የሚያስፈልገው። ጭማሪው በየሦስት ወሩ ሲሰላ ይሄም አብሮ ሊሰላ ይችላል።


ባለወፍጮ ከሰኞ ገበያ

አላህ ይስጥልኝ ጀመዓው። አሁን ቢያንስ ለደንበኛ የምለው አገኘሁ። ጭማሪው ከብሩ ነው፣ መጥፋቱ ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው፣ ግድቡ ከሁለቱም የለበትም። ሪሌዩን በዚህ ሳምንት አስገጥማለሁ።

ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልፈልግም። ከሰኞ ገበያ እስከ ሸዋ በር ያለን ወፍጮ ቤቶች፣ ዳቦ ቤቶች፣ ብየዳ ቤቶች አንድ ደብተር እንያዝ። የጠፋበትን ቀን፣ የጠፋበትን ሰዓት፣ የመጣበትን ሰዓት፣ ፌዝ ከጎደለም እሱን። እኔ ከነገ ጀምሮ እጽፋለሁ። የሦስት ወሩን አንድ ላይ አድርገን፣ የእናታችንን የጋራ ቆጣሪ ጉዳይም ጨምረን፣ ተፈራርመን ለባለሥልጣኑ እንልካለን፣ ግልባጭ ለከተማ አስተዳደሩ። ቶሳ ሥር፣ ደብዳቤውን አንተ ብታረቅልን ደስ ይለኛል። የቦርከና ልጅ፣ ጭነቱ ከአቅም በላይ መሆኑን በምን እንደምንለካ አሳየን፣ ከቻልክ አንድ እሁድ ናና ትራንስፎርመሩን ከታች ሆነህ እየው።

ከኮምቦልቻም መግባት የምትፈልጉ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፣ የሠንጠረዡን ቅርጽ ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ።


የቦርከና ልጅ

የሚቀጥለው እሁድ ይመቸኛል። በገመዱ የሚያልፈውን ጭነት የሚለካ ክላምፕ ሜትር ይዤ እመጣለሁ፤ መለካት የምችለው ግን ከእርስዎ ቆጣሪ በኋላ ያለውን ብቻ ነው፣ ምሰሶው ላይ መውጣት አይፈቀድም። ሰኞ ረፋድ ላይ ቮልቴጁ ስንት እንደሚወርድ ግን እርስዎ ራስዎ ማየት ይችላሉ፣ እንዴት እንደሚነበብ አሳይዎታለሁ። ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ ለሱ ይተዉ።